ዕድሜ ያለው ጃኬት መሥራት ከፈለጋችሁ ከጨርቁ በፊት ዚፑን አስቡ

የቀረበው ጥያቄ፦ «እኔና ጓደኛዬ ለተራራ ጉዞ፣ ለካምፕ፣ ለመስክ ሥራ ምናምን የሚሆን ጃኬት ሠርተን መሸጥ ልንጀምር ነው። ውሃ የማያስገባ፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ፣ ከሪሳይክል ወይ ከተፈጥሮ ክር የተሠራ፣ ሲያልቅ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ፣ የሰው ጉልበት ያልተበዘበዘበት እንዲሆን ነው የምንፈልገው። የትኛውን ጨርቅ እንግዛ? ደግሞ ሰርተፍኬት ያለው ፋብሪካ ካገኘን የሠራተኛው ጉዳይ በዚሁ አለቀ ማለት ነው?»

መጀመሪያ እርስ በርሱ የሚጣላውን እናውጣ። ዕድሜ ልክ መቆየትና አፈር ውስጥ መበስበስ አንድ ላይ አይሄዱም። ጨርቅን አፈር ውስጥ የሚያበሰብሰው እርጥበት፣ ሙቀትና ተህዋስያን ናቸው፣ ላብ የጠጣ ጃኬት ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ሦስት ቀን ሲከርምም አብረውት ያሉት እነሱው ናቸው። ጨርቁ እዛ በስብስ እዚህ አትበስብስ ቢሉት አይሰማም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል መቆየትን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም የአንድ ጃኬት አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ገና ማንም ሳይለብሰው ነው፣ ክሩ ሲመረት፣ ጨርቁ ሲሸመን፣ ሲነከር፣ በሙቀት ሲጨረስ። ያ አንዴ ከሆነ ሆነ፣ ከዛ በኋላ የሚቀራችሁ ጉዳቱን ለብዙ ዓመት ማካፈል ብቻ ነው። በ3 ዓመት የሚጣል «አረንጓዴ» ጃኬት 12 ዓመት ከሚለበስ ተራ ናይሎን አይበልጥም፣ ይህን ነገር ሰው ስነግረው ቅር ይለዋል ግን ሒሳቡ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ ከመሄዴ በፊት ጃኬት በምን እንደሚሞት ልንገራችሁ። እኔ ቅድ ማውጣት ከመጀመሬ በፊት ለዓመታት የሠራሁት ጥገና ላይ ነው፣ ሰው የተበላሸበትን ያመጣል፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በመብራት እናየዋለን። ከዛ ሁሉ ውስጥ ጨርቁ ራሱ መሀል ለመሀል ተቀዶ የመጣው በጣም ጥቂት ነው፣ እሱም ወይ የእሳት ፍንጣሪ ወይ እሾህ። የቀረው ሁሌ ያው ነው። ዚፕ። የእጅጌ ጫፍ። የኪስ ማዕዘን ተተርትሮ። ትከሻ ላይ የቦርሳው ማንገቻ የሚያሽበት ቦታ ሳስቶ ብርሃን ሲያሳልፍ። ኮሌታው ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ላብና የቆዳ ቅባት ሲጠጣ የኖረው ሽፋን እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ይላጣል፣ በጣት ሲነኩት ነጭ ብናኝ ሆኖ ጥፍር ስር ይቀራል። እና እናንተ «የትኛውን ጨርቅ» ብላችሁ ስትጀምሩ ጃኬቱ ከሚሞትበት ቦታ ርቃችሁ ነው የጀመራችሁት።

ዚፑን እንውሰድ። አንድ ጃኬት ከነሙሉ ጤናው ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀረው ወይ የሚጣለው አብዛኛውን ጊዜ በዚፕ ነው። ዚፕ ሲበላሽ ሰው ጥርሱ አለቀ ይላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ያለቀው ወዲያ ወዲህ የሚሄደው የዚፑ ጭንቅላት ነው፣ ውስጡ በአሸዋና በአቧራ ይሞረድና አፉ ይሰፋል፣ ከዛ ሁለቱን ጥርስ አጥብቆ መግጠም ያቅተዋል፣ ስለዚህ ከኋላው እየተከፈተ ይመጣል። ሁለቱን ጎኖቹን በፒንሳ ቀስ አድርጎ ጫን ማድረግ ለጊዜው ያድነዋል፣ ዘላቂው መፍትሔ ግን ጭንቅላቱን መቀየር ነው፣ እሱ ደግሞ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው፣ ዚፑ ከላይ መውጫ ካለው። እዚህ ላይ ነው ዲዛይነሮች የሚያጠፉት፣ የዚፑን ጫፍ ኮሌታ ውስጥ ቀብረው በሁለት ስፌት ይዘጉታል፣ ከዛ 5 ደቂቃው አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ጠጋኙ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚያስከፍለው ደግሞ ሰውዬውን «አዲስ ልግዛ» ያሰኘዋል። ሁለተኛው የሚሞተው ታች በኩል የሚሰካው ዘንግ ነው፣ አጠገቡ ያለው ጨርቅ ይላላና ይነጫል፣ እሱ ሲሄድ ሙሉ ዚፑ ይቀየራል። ለፊት ለፊት በጥርሱ ስፋት ቁጥር 5 ወይም ለከባድ ጃኬት ቁጥር 8፣ ጥርሱ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ የናይሎን ክር የሆነውን እመርጣለሁ። አንድ አንድ እየሆነ የተተከለው የፕላስቲክ ጥርስ ግን አንዱ ሲሰበር አበቃለት። «ውሃ የማያስገባ» ተብሎ በላስቲክ የተለበጠው ዚፕ ያምራል፣ ግን ይገትራል፣ ጭንቅላቱንም ቶሎ ይጨርሰዋል። እኔ ተራውን ዚፕ አድርጌ ከኋላው ወይ ከፊቱ መሸፈኛ ምላስ እሰፋበታለሁ።

ውሃ ማያስገባው ላይ ደግሞ ትልቅ አለመግባባት አለ። ሰው ጨርቁ በራሱ ውሃ የሚመልስ ይመስለዋል። አይደለም፣ ሦስት ነገር ነው የተደራረበው። ላይ ላዩ ጠንካራ የተሸመነ ጨርቅ አለ፣ ሥራው መታሸትን መቋቋም ነው። ከስሩ በጣም ስስ ሽፋን አለ፣ ሜምብሬን የሚሉት፣ ውሃን በእውነት የሚያግደው እሱ ነው። ከሱ ስር ገበር ወይ ስስ መረብ አለ፣ ሽፋኑ ቆዳ ላይ እንዳይለጠፍና እንዳይታሽ። ከዚህ ሁሉ ሌላ የላይኛው ጨርቅ ላይ የሚቀባ ውሃ አንሸራታች ቅብ አለ፣ ጠብታው እንደ ዶቃ ሆኖ የሚንከባለለው በሱ ነው። ይህ ቅብ ሲደክም የላይኛው ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበርዳል፣ የውስጡ ላብ መውጫ ያጣል፣ ሰውዬውም በራሱ ላብ ረጥቦ «ጃኬቴ አሳለፈ» ይላል። አላሳለፈም። መታጠብና ሞቅ ያለ ማድረቂያ ውስጥ መግባት ብቻ ነው የፈለገው፣ ሙቀቱ ቅቡን መልሶ ያነቃዋል። ጃኬት ማጠብ ያበላሸዋል የሚለው ወሬ ከስንቱ ጃኬት ዕድሜ እንደቀነሰ! የሚያበላሸው የልብስ ማለስለሻውና የሳሙና ቅሪቱ እንጂ እጥበቱ አይደለም።

ሻጭ «20,000 ሚሊ ሜትር» እያለ ሲነግራችሁ ያ ቁጥር አንድ ፈተና ነው። ጨርቁ ላይ የውሃ ግፊት እየጨመሩ ሄደው ሦስተኛዋ ጠብታ ስታልፍ የውሃው ዓምድ ከፍታ ምን ያህል ነበር የሚል ነው፣ ማለትም 20 ሜትር ውሃ። ጥሩ፣ ግን የተለካው አዲስ ጨርቅ ነው። 40 ጊዜ የታጠበውን፣ ቦርሳ ሲያሸው የከረመውን ለክተው ያውቃሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ላይ ብዙ ትማራላችሁ። በተለይ ሽፋኑ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ከምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ፣ ፖሊኤስተር መሠረት ያለው ፖሊዩሬቴን በእርጥበትና በሙቀት ራሱን እየበላ ይሄዳል፣ ፖሊኤተር ወይም ፖሊካርቦኔት መሠረት ያለው የተሻለ ይቋቋማል። ሳይለበስ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጃኬት ከዓመታት በኋላ ሲወጣ የሚጣበቀውና የሚላጠው ለዚህ ነው፣ አለመልበስ አላዳነውም።

ስለ ኬሚካሉ፦ ለዓመታት ያ ውሃ አንሸራታች ቅብ የሚሠራው ከፒፋስ ነበር፣ ፍሎሪን ያለባቸው ተፈጥሮ ልትበትናቸው የማትችል ኬሚካሎች። ፒፎስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ፒፎኣ ደግሞ በ2019 አደገኛ ኬሚካሎችን በሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገቡ፣ ኢንዱስትሪው ወዲያው አጠር ያለ ሰንሰለት ወዳለው ዘመዳቸው ዞረና «ይሄኛው ደህና ነው» አለ፣ አሁን እሱም እየተከለከለ ነው። ካሊፎርኒያ ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረበትን ልብስ ከጥር 2025 ጀምሮ ከልክላለች፣ ለከባድ ዝናብ የሚሠራ የውጪ ልብስ ብቻ እስከ 2028 ጊዜ ተሰጥቶታል፣ እሱም ምልክት ተለጥፎበት። ፈረንሳይም ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ከልክላለች። ሜምብሬን ላይም እንደዛው፣ የቴፍሎን ዘመድ የሆነው ሽፋን ከአርባ ዓመት በላይ ነግሦ አሁን ዋናው ሜምብሬን አምራች ጎርቴክስ ራሱ ከ2022 ጀምሮ ፍሎሪን ወደሌለው ፖሊኤትሊን እየዞረ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትጀምሩ ሰዎች ፒፋስ ያለበትን መንካት የለባችሁም፣ ውይይትም አያስፈልገውም። ግን ወሰኑን እወቁ። ፍሎሪን የሌለው ቅብ ውሃ ይመልሳል፣ ዘይት አይመልስም። የእጅ ቅባት፣ የፀሐይ ክሬም፣ የማብሰያ ጭስ ይይዘዋል፣ ቶሎም ይደክማል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መታጠብና በየጊዜው እንደገና መቀባት ይፈልጋል። ይህን ለገዢው ካልነገራችሁት በስድስተኛው ወር ገንዘቤን መልሱ ብሎ ይመጣል፣ ልክም ነው።

የተፈጥሮ ክር ይሻላል የሚለው ሁሌም እውነት አይደለም። በሰም የተነከረ ጥጥ በጣም እወዳለሁ፣ በየዓመቱ ሰሙን ካደሱት ልጅ ይወርሰዋል፣ ግን ይከብዳል፣ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለአብራሪዎቻቸው ያለ ምንም ሽፋን ውሃ የሚመልስ ጥጥ ሠርተው ነበር፣ ቬንታይል ይባላል፣ ክሩ ሲረጥብ ያብጥና በሽመናው መካከል ያለውን ቀዳዳ ይዘጋዋል፣ አሪፍ ሐሳብ ነው፣ ዛሬም አለ፣ ግን ረዣዥም ቃጫ ያለው ምርጥ ጥጥ በጥብቅ መሸመን ስላለበት ለጀማሪ ኪስ አይሆንም። ሱፍ ለውስጥ ልብስ ንጉሥ ነው፣ ለውጪ ሽፋን ግን መታሸት አይችልም። ጥጥ ስትገዙ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማታውቁትን አትግዙ፣ አሜሪካ ኡይጉር የሚባሉትን የቻይና ሕዝቦች የግዳጅ ሥራ የሚከለክለውን ሕግ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ስትተገብር ከነሱ አካባቢ ከሺንጂያንግ የሚመጣው ጥጥ ሁሉ «የግዳጅ አይደለም ብለህ አስረዳ» የሚል ሸክም ተጭኖበታል፣ ክሩን ከእርሻ እስከ ማሽን የማስረዳት ወረቀት የሌለው አቅራቢ እናንተንም ይዞ ይወድቃል።

ከሰው ሠራሹ ናይሎንና ፖሊኤስተር ናቸው የቀሩት። ናይሎን መታሸትን በጣም ይችላል፣ ግን ፀሐይ ይጎዳዋል፣ ውሃም ትንሽ ይጠጣል፣ ሲረጥብ ይለጠጣል። ፖሊኤስተር ፀሐይን ይችላል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ መታሸት ላይ ግን ይሸነፋል። ትከሻና ክርን ላይ ናይሎን፣ ሌላው ላይ ፖሊኤስተር ማድረግ ትችላላችሁ፣ ያኔ ግን ጃኬቱ ሲያልቅ ሪሳይክል ማድረግ ይከብዳል፣ ክር የተቀላቀለበት ነገር መለየት ጣጣ ነውና። ከ«ሪሳይክል ይሆናል» እና «ሁለት ጊዜ ይቆያል» መካከል እኔ ሁለተኛውን ነው የምወስደው፣ ምክንያቱም የልብስ ሪሳይክል ዛሬ ላይ ብዙው ወሬ ነው። ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ፖሊኤስተር መጠቀም ነውር የለውም፣ ፓታጎኒያ የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው ፍሊስ በሚባለው ለስላሳ ፀጉራም ጨርቅ ላይ የጀመረው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ጠርሙስ ተመልሶ ጠርሙስ መሆን ይችል ነበር፣ ጃኬት ከሆነ በኋላ ግን ጉዞው ብዙ ጊዜ እዛው ያበቃል፣ ስለዚህ «ውቅያኖስ አዳንን» ብላችሁ አፋችሁን ሞልታችሁ አትናገሩ። ናይሎን 6 የሚባለው ግን በኬሚካል ወደ መጀመሪያ ቅንጣቱ መመለስ ይችላል፣ ከአሮጌ የዓሣ መረብ የሚሠራውም አለ፣ ካገኛችሁት እሱ ይሻላል። ሲታጠብ የሚረግፈው ጥቃቅን ክርም አለ፣ ከተነጨ ፍሊስ ብዙ፣ ጥብቅ ተደርጎ ከተሸመነ ረዥም ክር ትንሽ ነው የሚረግፈው፣ ይሄም ሌላው የተሸመነ ጨርቅ እንድትመርጡ የምገፋበት ምክንያት ነው።

ቀለም ላይ አንድ ምክር ብቻ፣ ክሩ ሲቀልጥ ውስጡ ቀለም የገባበትን ጨርቅ ጠይቁ። ውሃው በብዙ ይቀንሳል፣ ፀሐይም ቶሎ አያነጣውም። ችግሩ ለአንድ ቀለም ብዙ ሺህ ሜትር እዘዙ ይሏችኋል፣ እናንተ ደግሞ አትችሉም፣ ስለዚህ ፋብሪካው ሁሌም ከሚያመርታቸው ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጥቁር አረንጓዴ ውስጥ ምረጡ፣ የራሳችን ቀለም ይኑረን የሚለውን ፍላጎት ለጊዜው ዋጡት። ከትልልቅ ድርጅት የተረፈ ጥቅል ጨርቅ መግዛትም ጥሩ ይመስላል፣ ርካሽም ነው፣ ግን ቅቡ ምን እንደሆነ፣ ፒፋስ ይኑርበት አይኑርበት የሚያስረዳ ወረቀት አብሮት አይመጣም፣ ሲያልቅም ለጥገና የሚሆን ጨርቅ አታገኙም። ያለ ወረቀት የተረፈ ጨርቅ ለቦርሳ ይሁን፣ ለጃኬት አይሁን።

ስፌቱ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ጀማሪዎች የሚንቁት እዚህ ነው። ክሩ በፖሊኤስተር የተሠራ ይሁን፣ ጥጥ ክር በናይሎን ጨርቅ ላይ ከጨርቁ ቀድሞ ይበሰብሳል። በሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 4 ስፌት ይበቃል፣ ጥብቅ ይሁንልኝ ብላችሁ 6 እና 7 ካደረጋችሁት ስሱን ጨርቅ እንደ ቴምብር ጠርዝ ትበሱታላችሁ፣ ሲጎተት በቀዳዳው መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። መርፌውም እንደዛው፣ ለስስ ጨርቅ ከ70 እስከ 80፣ ወፍራም መርፌ ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። ትከሻና ብብት ላይ ሁለቱን ጠርዝ እርስ በርሱ አጥፋችሁ፣ ጥሬው ጫፍ ውስጥ ተውጦ በሁለት መስመር የሚሰፋውን አድርጉ፣ ልክ የጂንስ ሱሪ ጎን ላይ እንደምታዩት። ኪስ አፍ ሁለቱ ጫፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለች አጭር ዚግዛግ ትኑር፣ ከስሯ ቁራጭ ጨርቅ ተደርጎ፣ አለበለዚያ ዚግዛጓ ራሷ ጨርቁን ትቀደዋለች፣ ይሄን ከመቶ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ብብት ስር ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ አስገቡበት፣ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ጃኬቱ እንዳይጎተት፣ የተጎተተ ሁሉ ውሎ አድሮ ይለቃልና። ለቅድ የሚተኛው ጨርቅ ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቁራጭ ሆኖ ይወድቃል፣ እሱን ሰብስባችሁ ለኪስ ውስጥና ለዛ ማጠናከሪያ አውሉት።

አሁን ወደ ሰርተፍኬቱ። አላለቀም። መጀመሪያ የትኛው ሰርተፍኬት ስለምን እንደሆነ ለዩ። ኦኮ ቴክስ ስታንዳርድ 100 የሚባለው ጨርቁ ለለባሹ ቆዳ ጎጂ ነገር እንደሌለው ነው የሚመረምረው፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ደመወዝ አንድም ነገር አይነግራችሁም። ብሉሳይን ፋብሪካ ውስጥ ስለሚገባው ኬሚካል ነው በዋናነት። ጎትስ ኦርጋኒክ ክር ላይ ነው፣ የሠራተኛ መመዘኛም አለበት። ሁሉም ይጠቅማሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የሠራተኛ አያያዝ ምርመራ የተደረገለት ፋብሪካም ቢሆን ምርመራው የአንድ ቀን ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2012 ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው በእሳት ያለቀበት የልብስ ፋብሪካ ከሳምንታት በፊት ኤስኤ8000 የሚባለውን የሠራተኛ ሰርተፍኬት ተቀብሎ ነበር። እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ተብሎ በኋላ ተፈርዷል፣ ግን ሰዎቹ እንዳይወጡ ያደረጋቸው የተቆለፈ በርና በብረት የታጠረ መስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ደግሞ ባንግላዴሽ፣ ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባል የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰው ሞተ፣ ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነው፣ ታች ያሉት ባንክና ሱቆች ዘጉ፣ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ለምን ግቡ ተባሉ? ኦርደር ስላለ፣ ቀን ስለደረሰ። ከዛ በኋላ የመጣው የፋብሪካ ደህንነት ስምምነት የተለየ ነበር፣ ሠራተኛ ማኅበራት የፈረሙበትና ብራንዶቹን በሕግ የሚያስገድድ ነበርና። ወረቀት ከሆነ አይቀር እንደዛ ያለ ነው።

የሚመራኝ ነገር ይሄ ነው፣ የሰው ጉልበት የሚበዘበዘው ብዙ ጊዜ ገዢው ቢሮ ውስጥ በሚወሰን ነገር ነው። አንድ ጊዜ የምሠራበት ድርጅት ጭነቱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የኮሌታ ቅርጽ ቀየረ፣ ለውጡን የሳልኩት እኔ ነኝ፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ ኮሌታ ነበር፣ ግን የመላኪያውን ቀን አልገፋነውም። ፋብሪካው ምን አደረገ፣ ማታ ማታ አሠራ። በወሩ መጨረሻ የሰዓት መዝገቡን ስንጠይቅ ሁሉም በሳምንት 48 ሰዓት ብቻ ተብሎ ጽድት ብሎ ተሞልቶ መጣ። ያንን ውሸት ያስጻፍነው እኛ ነን።

ስለዚህ ከሰርተፍኬቱ በፊት የራሳችሁን አሠራር አስተካክሉ። ሳምፕል ከጸደቀ በኋላ ለውጥ የለም፣ ወይም ለውጥ ካለ ቀኑ አብሮ ይገፋል፣ በጽሑፍ። ግማሹን ክፍያ ኦርደር ሲሰጥ፣ ቀሪውን ጭነቱ እንደወጣ ክፈሉ፣ ከ90 ቀን በኋላ የሚከፍል ደንበኛ ደመወዝን ነው የሚያዘገየው። ዋጋ ስትነጋገሩ በደቂቃ ተነጋገሩ። አንድ ጃኬት ለምሳሌ 110 ደቂቃ የስፌት ሥራ ካለው ያችን 110 ደቂቃ ለብቻዋ አውጡ፣ አንድ ሰፊ ያለ ትርፍ ሰዓት በዚህ ሒሳብ ሠርታ ቤተሰቧን የሚያኖር ደመወዝ ታገኛለች ወይ ብላችሁ አስሉ፣ ከዛ በድርድር ላይ ጨርቁ ላይ፣ ማሸጊያው ላይ፣ ትርፋችሁ ላይ ተከራከሩ፣ ደቂቃዋ ላይ ግን እጃችሁን አትስደዱ። ዝቅተኛው የሕግ ደመወዝና የሚያኖር ደመወዝ አንድ አይደሉም፣ ብዙ ቦታ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሥራው ለሌላ ቤት እንዳይሰጥ፣ ወይም ከተሰጠ እንዲነገራችሁ ውል ውስጥ ይግባ። እና ሂዱ፣ ቁጭ በሉ። የመውጫው በር ክፍት መሆኑን በእጃችሁ ገፍታችሁ እዩ፣ መጸዳጃ ቤቱን እዩ፣ ሰፊዎቹን አለቃቸው በሌለበት አነጋግሩ። የቤት ሥራችሁን በሚገባ ብትሠሩ እንኳ ከናንተ በላይ ያለውን ማለትም ፈታዩን፣ ነካሪውን ሙሉ በሙሉ አትደርሱበትም፣ ትንሽ ኦርደር ያለው ሰው ጉልበት የለውም። ስለዚህ «ከብዝበዛ ነፃ» ብላችሁ አትጻፉ፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሰፋው፣ ጨርቁ የት እንደተሸመነ፣ የቱን እንዳላረጋገጣችሁ ጻፉ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥማ ከመስከረም 2026 ጀምሮ «ኢኮ»፣ «አረንጓዴ» የሚል ማስረጃ የሌለው ጥቅል አባባል መጠቀም ሕገወጥ ይሆናል። «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚለውንም ተዉት፣ ድርጅታችሁ 3 ዓመት ሳይሞላው የሰው ዕድሜ ያህል ቃል መግባት አይቻልም። «ለ10 ዓመት መለዋወጫ እናቀርባለን» ይሻላል፣ እሱን መፈጸም ትችላላችሁና።

የኔ ምክር፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት አትጀምሩ። ሜምብሬኑ፣ የስፌቱን ቀዳዳ የሚዘጋው ቴፕ፣ እሱን የሚለጥፈው ማሽን፣ ከዛ በዋስትና የሚመለሰው፣ ይሄ ሁሉ ለጀማሪ ገደል ነው፣ በዛ ላይ አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ቀን የሚያስፈልገው ነፋስና ካፊያ የሚመልስ፣ የሚያስተነፍስ ነገር ነው። አንድ ጃኬት ብቻ ሥሩ፣ ገበር የሌለው፣ በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ጥብቅ የተሸመነ ናይሎን፣ ፍሎሪን የሌለው ቅብ፣ ትከሻና ክርን ላይ በዛው ጨርቅ ድርብ ተደርጎ፣ ፋብሪካው ሁሌ በሚያመርተው ቀለም። ሽፋን ስለሌለው የሚላጥ ነገር የለውም፣ ቅቡ ሲያልቅ ቤት ውስጥ ይቀባል። 15 ያህል ሳምፕል አሠሩና ዝናብ፣ እሾህ፣ ቦርሳ ለሚያውቁ ሰዎች አንድ ሙሉ ወቅት አስለብሱ፣ ሁለቱን ደግሞ ራሳችሁ 30 ጊዜ እጠቡ፣ የተበላሸውን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ከዛ በኋላ ነው 200 ማዘዝ። ከጨርቁም ከዚፑም 5 በመቶ ለጥገና አስቀምጡ፣ ሲሸጥ ሲሸጥ እሱንም ሰፍታችሁ እንዳትሸጡት፣ ፈተናው እዛ ነው። ሳምፕሉ የመጣ ቀን ደግሞ የፊት ለፊቱን ዚፕ ፈታችሁ በሌላ ቀይሩት፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ከ30 ደቂቃ ካለፈባችሁ ቅዱን መልሱት።